ላንተም ተቆልፏል

አክስቴ ሞላሌ ውስጥ ሱፍ እየፈተሉ ሁለት ልጅ አሳደጉ፤ እኔንና አንዲት ልጃቸውን። ልጃቸው አዲስ አበባ ገብታ ስታገባ፣ መልእክቷ የሚመጣው በከተማችን ኢንተርኔት ቤት ኢሜይል ነበር። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ያትመዋል፤ ጮክ ብሎም አንብቦ ያስረክባል። ማንም አይቀየመውም፤ ድሮም ደብዳቤ የሚነበበው ሰው በተሰበሰበበት ነው። አንድ የገበያ ቀን ግን «ትዳሬን ልፈታ ነው፤ ለጊዜው በሆድዎ ይያዙልኝ» የሚለውን አነበበው። ወሬው እኛ ቤት ሳንደርስ እዚያው ሞላሌ ያሉ አማቶቿ ቤት ገባ። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ መጻፍ ተወች፤ ስትደውልም ከሰላምታ አታልፍም። አክስቴ የልጃቸው ሆድ ስለተዘጋባቸው ከሰውነት ወጡ።

እኔ ተምሬያለሁ ባይ፣ መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም ፈልጌ አገኘሁ። መመሪያው ከዳዊት ይረዝማል። ሁለት ቁልፍ ይሰጣል፤ አንዱ ለሰው የሚታደል፣ አንዱ የሚደበቅ። ሁለቱንም ላክሁላት። እኛ አገር መንገድ የሚወጣ ሰው የቤቱን ቁልፍ ለሚያምነው ጎረቤት ትቶ አይደል የሚሄደው? ደውላ የሚደበቀውንም እንደላክሁ ነገረችኝና እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ከዚያ ድምፅዋ ቀዝቅዞ፣ ይቅርብን አለች።

ዓመታት አለፉ። በእጅ ስልክ በአማርኛ መጻፍ ሲቀል፣ በራሱ የሚቆልፍ ኢሜይልም መጣ። ሁለቱም ወገን እዚያው ላይ አድራሻ ከፍቶ የምስጢር ቃል ማበጀት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሚታደል ቁልፍ የለ፣ መመሪያ የለ። አክስቴ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ በስልካቸው አድራሻ ከፈትኩላቸው፤ ልጃቸውም በበኩሏ ከፈተች። የምስጢር ቃሉን ልጽፍ ስል ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ዞር እንድል አዘዙኝ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩትን ፊደል በአንድ ጣት እየለቀሙ ከሰዓቱን ሙሉ ለልጃቸው ጻፉ።

በማግስቱ መልስ መጣ። እኔ እጄን ዘረጋሁ።

«ያምጡ፣ ላንብብልዎ።»

«ላንተም ተቆልፏል» አሉኝ።

ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ብቻቸውን አነበቡት። መሃል ላይ ሳቁ፣ ቀጥሎ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያን ቀን እንደ ኮራሁ ኮርቼ አላውቅም። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትጽፋለች። ምን እንደምትል እስከ ዛሬ አላውቅም።