ሁሴን በቆጂ ደርሷል

ሞኝ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ከባለቤቱ ስሙት። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አሰላ ውስጥ ለልጆች ስለ ከፍታ፣ ስለ ቀጭን አየር፣ ስለ ዳገት ሳስተምር ኖሬ፣ በአርባ አምስት ዓመቴ፣ ይሄን የሚያህል ሆድ ታቅፌ፣ ከአሰላ በቆጂ በሳይክል ካልሄድኩ ብዬ የተነሳሁ ሰው ነኝ። ቁምጣ እንኳን ከሰልባጅ ገዝቼ ነበር፤ ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ። የለካሁት ቀን ባለቤቴ አንዴ አየችኝና ተነስታ በሩን ዘጋች። "ምነው?" ስላት፣ "ጎረቤት አለን እኮ" አለች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሞኝነት አሰላ በሙሉ ያውቀዋል። እኔው ነኝ በየሻይ ቤቱ ሳወራው የኖርኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሰባት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ባለፈው ወር ለአንድ ሰው ነገርኩ፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ ልነግር ነው። ዝም ብዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር። እኔ ግን እየቀለድኩበት ነው የኖርኩት።

አስራ አንድ ነበርን። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን የምንነዳ። አስተባባሪያችን ገመቹ የሚባል የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ጥሩ ሰው፣ ግን ሕግ ይወዳል። አንደኛው ሕግ መኪና መያዝ የለም፤ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው ከቡድኑ ይባረራል። ሁለተኛው ሕግ ስለ "ጭራ" ነው። ጭራ የምንለው ከሁሉም ኋላ የሚነዳውን ነው። ከሱ ኋላ ሰው አይኖርም። ጭራው ደረሰ ማለት ሁሉም ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አይጠብቅም። መንገድ ላይ የቀረ ካለ የት እንደቀረ የሚናገረው ጭራው ነው፤ እሱ ካለ አለ ነው፣ አይጠየቅም።

የዚያን ቀን ጭራ ያደረጉት እኔን ነው። "የደከመው ሰው የሚያስቀው ይፈልጋል፣ ቲቸር አንተ ኋላ ሁንለት" አለኝ ገመቹ። ፍጥነት የለህም ላለማለት መሆኑ ገብቶኛል። ደስ ግን ብሎኝ ነበር።

የደከመው ሰው ሁሴን ነበር። ሁሴን የአሰላ ልጅ ነው፣ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ አለው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሳንባውን ታሞ ቤት ውሎ ነበር። ድኗል፤ ሐኪሙም ድነሃል ብሎታል። ሰው ግን አላመነም። ሱቁ የገባ ሁሉ ሚስማሩን ሳይጠይቅ መጀመሪያ "አይዞህ" ይለዋል። የሚስቱ ወንድሞች ደግሞ ሱቁን ለእኛ ስጠንና አንተ እረፍ እያሉ ይጨቀጭቁታል። ከመነሳታችን በፊት አንድ ቀን ለኔ እንዲህ ብሎኛል፦ "ቲቸር፣ በቆጂ በገዛ እግሬ ረግጬ ከደረስኩ ይሄ አይዞህ የሚባል ነገር ይቆማል። ሰው አይቶ ይመሰክራል፣ አለቀ።" ሰው አይቶ ይመሰክራል! ይሄን የነገረኝ ለኔ ነው። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም። አውቅ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፣ ጠዋት። ግማሾቻችን ዱዓ አድርገን፣ ግማሾቻችን አማትበን ተነሳን። ጃኬታችንንና ስልካችንን ዝናብ እንዳይመታው ብለን፣ በተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶብስ ቀድመን ወደ በቆጂ ልከናል። ማታ ሳይክሎቹን ጣሪያው ላይ ጭኖ የሚመልሰንም እሱ ነው። መሀል መንገድ ላይ ያለችው ሳጉሬ ከተማ ድረስ ደህና ነበርን። እኔ እየቀለድኩ፣ ሁሴን እየሳቀ። ሌሎቹ ርቀውን ሄዱ።

ከሳጉሬ ወዲያ "አማቴ" የምንለው ዳገት አለ። አለቀ ስትል ሌላ ይመጣል፣ ለዚህ ነው አማቴ ያልነው። እዚያ ላይ እግሬ አይደለም፣ ጥርሴ ሳይቀር ደከመኝ። ሁሴን ከኔ ይሻል ነበር። ይሄን አስምሩበት፤ በሽተኛ የተባለው ሰው ከኔ ከጤነኛው ይሻል ነበር። መሀል ላይ ወረደና "ቲቸር፣ ሽንቴን ልሽና፣ ትንሽም ልተንፍስ" ብሎ ወደ ባሕር ዛፉ ገባ።

"ቀስ ብለህ ና፣ ዳገቱ ራስ ላይ እጠብቅሃለሁ" አልኩት።

"እንዳትጠፋ!"

"በዚህ ሆድ ወዴት እጠፋለሁ?" አልኩት። ከዛፉ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት።

ሲሚንቶ የጫነ መኪና እያቃሰተ መጣ። ከኔ በጥቂት ነው የሚፈጥነው። የሸራው ገመድ ከኋላ ተንጠልጥሏል። ያዝኩት። ማንም አላየኝም። ዳገቱ ራስ ላይ እለቃለሁ ብዬ ነው የያዝኩት። ዳገቱ ራስ ስደርስ ግን እጄ አልለቅ አለች። ውሸት! እጄ ምን አደረገች? እኔ ነኝ ያለቀቅኩት። ነፋሱ ጥሩ ነበር፣ ሜዳው ጥሩ ነበር፣ ገብሱ በግራ በቀኝ ይሮጣል። ሁሴንን ረስቼው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። አሁን እለቃለሁ፣ አሁን እለቃለሁ እያልኩ በቆጂ መግቢያ ደረስኩ።

እዚያ ወርጄ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ከያዝኩት የውሃ ላስቲክ ፊቴ ላይ ደፋሁ፤ ላብ እንዲመስል። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ የሰው ልጅ አስተምራለሁ፣ ላብ ከላስቲክ እቀዳለሁ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ሲያዩኝ "ጭራው መጣ! ጭራው መጣ!" ብለው አጨበጨቡልኝ። ገመቹ የስም ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል።

"ሁሴንስ?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ኋላ ነው ብል፣ ለምን ተውከው ሊሉኝ ነው። ለምን ተውከው ካሉኝ፣ አንተስ እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረስክ ሊመጣ ነው። "ከሳጉሬ ተመለሰ" አልኩ። "አልቻለም።"

"ኧረ ምስኪን" አለ አንዱ። ገመቹ ስሙን ሰረዘ። ጭራ ከተናገረ አለቀ አልኳችሁ እኮ። ጥብሱ ቀረበ። በላሁ። ምግቡ አልዋጥልህ አለኝ ብዬ ላሳዝናችሁ እችል ነበር፤ ግን ደህና አድርጌ ነው የበላሁት። ስንበላ በረዶ ዘነበ፤ ቆርቆሮው ላይ እየጮኸ። የሁሴን ጃኬት ወንበር ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ይሄን ሁሉ ደካማነት ልትሉት ትችላላችሁ። ሰው ይደክመዋል፣ ሰው ይፈራል፣ ሰው ይዋሻል። ይሁን። የሚቀጥለውን ግን ምን ትሉታላችሁ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይክሎቹን ጣሪያ ላይ ጭነን ተነሳን። እኔ መስኮት ጋ ነኝ። መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኗል፤ በእጄ ጠረግ አደረግኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን አየሁት። ቀይ ሹራቡ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሳይክሉን እየገፋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት... አልነበረም። እየነዳ ነበር። ከኮርቻው ተነስቶ፣ ቆሞ እየረገጠ። ጣሪያችን ላይ ያሉትን ሳይክሎች አየና እጁን አነሳ።

መጋረጃውን ሳብኩት።

ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋለት ሰማሁ፤ ለሱ ማንም ብስክሌተኛ ነው። አንድ ሰው "ማነው እሱ?" ብሎ ሳይጠይቅ፣ አንድ ሰው ወደ ውጭ ሳያይ ብዬ ጮክ ብዬ ቀልድ ጀመርኩ። የቁምጣዬን ቀልድ። ባለቤቴ በሩን የዘጋችበትን። አውቶብሱ በሙሉ ወደኔ ዞሮ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ቀልጄ አላውቅም። የአላህን ፍጡር ብርድ ላይ ጥዬ፣ በሳቅ ሸፈንኩት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። መኪናው አይደለም፣ ዳገቱ አይደለም፣ ድካሙ አይደለም። እኔ፣ በዚህ አፌ።

አሰላ ስንደርስ የሁሴንን ጃኬትና ስልክ ለሚስቱ ለዘሃራ የሰጠናት እኔና ገመቹ ነን። "ቲቸር፣ እሱስ?" አለችኝ። "እስካሁን አልመጣም እንዴ? ሳጉሬ ዘመድ ጋ ይሆናል" አልኳት፣ ፊቷን እያየሁ።

ሁሴን በማግስቱ ከበቆጂ በአውቶብስ መጣ። ቅዳሜ ስንሰበሰብ ቀጥ ብሎ ቆሞ "ደርሻለሁ" አለ። "አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ፣ እዚያው አደርኩ።" ሰዎቹ እሱን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ጭራውን። የዚያን ጊዜ እንኳን እውነቱን ብናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

"አዎ፣ ደርሷል፤ ከሳጉሬ የተሳፈረበት ሚኒባስም አብሮት ደርሷል።"

ሳቁ እስካሁን ይሰማኛል። ሁሴን አንዴ አየኝና ሳይክሉን እየገፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስሙ "ሳጉሬ" ሆነ። "ሳጉሬ ጋ ሄደህ ሚስማር ግዛ" ይባባላሉ። አይዞህ የሚለው እጥፍ ሆነ። የሚስቱ ወንድሞች የሱቁን ግማሽ ወሰዱ፤ "አንተ እኮ ከሳጉሬ እንኳን አላለፍክም" ብለው። ሳይክሉን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀላት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ወደ ቡድኑ ተመልሶ አልመጣም።

ባለፈው ወር ገመቹ እንደገና ወደ በቆጂ እንሂድ አለ። አንዱ አዲስ ልጅ "ሁሴንን እንጥራው?" ሲል፣ ሌላው "ይምጣ፣ ሳጉሬ ድረስ" አለ። ቀድሞ የሳቀው ማን ይመስላችኋል? እኔ! ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚያች ቀልድ ቀድሜ እየሳቅኩ፣ አፌ ለምዶት ሳልጠይቀው ይስቃል። የዚያን ዕለት ግን ሳቄን ራሴ ሰማሁትና አስጠላኝ።

ይሄን ልጽፍ መሆኔን ለገመቹ ነግሬዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ሳልነግረው፣ ስለዚያ ጉዞ ነው ብዬ። "ተወው ባክህ፣ ያለፈ ነገር ቆፍረህ ምን ልታወጣ? ቀልድ ነበር እኮ" አለኝ። አልተወውም። ገመቹ፣ አንተም አንብበው፤ ዝርዝርህን አውጣና የሰረዝከውን ስም መልሰህ ጻፍ። መኪና ስለያዝኩ በሕጉ መሰረት አባረኝ፤ አልከራከርም። ባለፈ ነገር አትፍረዱበት የምትሉም ተዉኝ። ለኔ ነው እንጂ ያለፈው፣ ለሁሴን መቼ አለፈ? ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው ደግሞ ይሄን ያደረገ የምትሉ፣ ልንገራችሁ፦ የምታውቁት፣ የምትወዱት፣ ሲመጣ ወንበር የምትስቡለት ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ይቅርታችሁንም አልለምንም። የናንተ ይቅርታ እኔን ያሳርፈኛል እንጂ ለሱ ምን ይጨምርለታል?

ለሁሴን የነገርኩት እዚያው ሱቁ ሄጄ ነው። ለአንድ ደንበኛ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ቆሜ፣ ገመዱንም፣ ውሃውንም፣ መጋረጃውንም፣ ሳልዘል ሁሉንም ነገርኩት። ሚዛኑን አላስቀመጠም። ስጨርስ ሚስማሩን በጋዜጣ ጠቀለለ፣ አሰረ፣ ለደንበኛው ሰጠ። ሰውየው እስኪወጣ ጠበቀ።

"መኪናው ሲያልፍ ሰምቼ ነበር" አለኝ። "ዳገቱ ራስ ላይ ሳጣህ ገጭቶ ከመንገድ ወረወረው ብዬ ነበር። ሳይክሌን ጥዬ ቦይ ለቦይ ስምህን እየጠራሁ ስፈልግህ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። በረዶው የመታኝ እዚያ ነው።"

የሚዛኑን ሳህን በእጁ ጠረገ።

"መጋረጃውን ስትስብም አይቼሃለሁ። መጀመሪያ ያልኩት ምን መሰለህ? አልሐምዱሊላህ፣ ሰውየው በሕይወት አለ።"

"ሁሴን..."

"ተው ኦቦሌሳ፣ ተው ወንድሜ። ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ በቆጂ መድረሴን አውቃለሁ፣ በእግሬ ነው የደረስኩት። ለሳቁት ሄደህ ንገራቸው።" አዲስ ደንበኛ ገባ፤ ሁሴን ወደ ሚዛኑ ዞረ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

"ቲቸር! ስትነግራቸው ግን እንዳያስቃቸው አድርገህ።"