ጋዜጣ ላይ የተኛው ዘንዶ

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ግድግዳ ጋዜጣ ለብሶ ነበር። አሶሳ ዳር ያለችው ቤታችን በቀርከሃ ተሠርታ በጭቃ የተመረገች ስለሆነች፣ ነፋስ እንዳይገባ እናቴ ያገኘችውን አሮጌ ጋዜጣ ሁሉ በዱቄት ሊጥ ትለጥፍባት ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ፋኖሱ ይለኮሳል፤ አያቴም መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱን በከዘራው ነክቶ ተረቱን ይጀምራል። ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው፤ ጋዜጣ የሚያነበው በከዘራው ነበር።

ከሁሉ የምንወደው ባለ ባርኔጣውን ንጉሥ ነው። ጭስ ባጠቆረው ሥዕል ላይ ንጉሡ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ጥቁር ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያስተኛው በእንጉርጉሮ ነው፤ ዝም ካለ ዘንዶው ይነቃል። የንጉሡ ድምፅ ደግሞ እየደከመ ነው። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሐዋ፣ የፋኖሱ ጋዝ እየሸተተን፣ ተጠጋግተን እንሰማለን።

ሁለተኛ ክፍል ስገባ ማንበብ ቻልኩ። ሰው ፊት መናገር የማልደፍረው እኔ፣ አንድ ምሽት የንጉሡ ድምፅ ሊዘጋ ሲል፣ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ለረጅም መንገድ የሚሆን ጠንካራ ጎማ።»

አያቴ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «እንግዲህ አንባቢ ከመጣ እኔን ምን ያደክመኛል፤ ከነገ ጀምሮ አንች አንብቢልን» አለኝ።

በማግሥቱ አነበብኩ። ጎማው ለጭቃም ለአስፋልትም ይሆናል። ሐዋ አዛጋች። በሦስተኛው ቀን «ዛሬም ጎማ ነው? ዘንዶ የለም?» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን ዝም ያለው ንጉሥ ይታየኛል፤ መጨረሻውን ሳልሰማ ልቀር ነው።

በአራተኛው ምሽት አያቴ ጎን ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ዘንዶው ነቃ?»

«የቱ ዘንዶ? ጎማ ነው አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነው» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

አያቴ ሳቀ። «አንች ልጅ፣ እኔ ጎማ የሚጠፋኝ ይመስልሻል? ከወሎ እዚህ ድረስ በጎማ አይደል የመጣሁት? ይልቅ ሂጅና ሐዋን ጥሪያት፤ የንጉሡ ድምፅ ሊዘጋ ነው።»

ያን ምሽት በአያቴ ተረት የንጉሡ ድምፅ ሲዘጋ፣ የመንደሩ ልጆች እንጉርጉሮውን ተቀብለው ዘንዶውን መልሰው አስተኙት።

ባለፈው በጋ አባቴ ግድግዳውን በሲሚንቶ ሲያስለስን፣ ንጉሡ ያለባትን ጥግ እንዲተውልኝ ለመንኩት። አሁን ፋኖሱን፣ ድምፁ የጠፋውን ሬዲዮ፣ የእናቴንም የድሮ ዳንቴል እዚያ ሰብስቤያለሁ። አመሻሽ ላይ መብራት እያለም ፋኖሱን እለኩሰዋለሁ፤ ጋዜጣው ቢጫ ይሆናል፤ ልቤ ትክዝ ይላል፤ ትካዜው ግን ደስ ይላል። ሐዋ «ስልክ ላይ የማየው የድሮ ቤት መሰለ» ብላ ፎቶ አነሳችው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ማንበብ ጀምራለች። ስለዚህ ሬዲዮውን ያቆምኩት ጽሑፉን እንዲከልል አድርጌ ነው። የአያቴ ዓይን ደክሟል፤ ግድግዳውን በእጁ ሲዳብስ ሬዲዮውን አገኘው።

«ጽሑፉን ሸፈንሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደግ አደረግሽ። በይ እንግዲህ ጀምሪ፤ የኔ ድምፅ ደክሟል።»

ሰው ፊት አሁንም አፍራለሁ። እዚያች ጥግ፣ ፋኖሱ አጠገብ ግን፣ እህቴ ጉልበቴን ይዛ «ከዚያስ?» ስትለኝ፣ ድምፄ አይዘጋም።