የእትዬ ሜትር ሃያ ሦስት ስፒሎች

ያ ክረምት ቀድሞ ነው የገባው። ገና ፈተና ሳይጀመር ሰማዩ ዝቅ ብሎ የዩኒቨርሲቲውን የድንጋይ ሕንፃዎች የነካ እስኪመስል ጠቆረ። ተማሪው ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ይሮጣል። የአዳራሹን ቆርቆሮ ዝናቡ ሲደበድበው መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ የራሱን ድምፅ አይሰማም። እርጥብ ሱፍ፣ የእንጨት ሙጫና የሻገተ መጋረጃ አንድ ላይ ይሸቱ ነበር። 

ደብተሬ የአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፤ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ የተዋናዮቹን የልብስ ልክ የምትጽፈው እሷ ስለነበረች። የምትለካው ደግሞ የቲያትር ክበቡ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ እትዬ ሜትር። ከመድረኩ ጀርባ ሦስት ደረጃ ወርዶ ባለው ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ንጉሡንም ለማኙንም፣ ዳኛውንም ሌባውንም ስታለብስ ኖራለች። መለኪያዋ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም።

«ይቺ ሴትዮ ስትጨብጣችሁ ሰላም ያለቻችሁ እንዳይመስላችሁ፤ የእጅጌያችሁን ርዝመት እያየች ነው» ይል ነበር የመድረኩ አናጢ።

«ያንተንስ አይቼ ጨርቅ አልበቃኝም» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

እትዬ ሜትር ሁለት ልማድ ነበራት። አንደኛው፣ ስትለካ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች። ተዋናዮቹ ተሰልፈው ቆመው የተጠራውን በአንድ ድምፅ ይደግማሉ፤ ደብተሬ ትጽፋለች። «ትከሻ፣ አርባ ሁለት!» ስትል «አርባ ሁለት!» ይላል ሁሉም። ሃያ ጆሮ የሰማው ቁጥር አይሳሳትም ባይ ናት። ቀጭኑን ሲለኩ «ኧረ ንፋስ እንዳይወስደው ያዙት» ይባላል፣ ወፍራሙን ሲለኩ «ሜትሩ አለቀ!» ይባላል። ያ ቀን ከቲያትሩ ይልቅ የሚያስቅ ቀን ነበር።

ሁለተኛው ልማዷ ዝምተኛዋ ናት። ዝምተኛዋ ራስም እጅም የሌላት፣ በአንድ የእንጨት እግር የቆመች የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ነበረች። እትዬ ሜትር የዋናዋን ተዋናይት ልክ ከወሰደች በኋላ አሻንጉሊቷን በቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀጠቀች ልክ ያችን ልጅ ታሳክላታለች፤ ከዚያ ልጅቷ ትምህርቷን ስትማር ልብሱ ዝምተኛዋ ላይ ይሰፋል። ቲያትሩ ሲያልቅ ጨርቁ ይወጣና ዝምተኛዋ እንደገና የማንም አትሆንም።

በዚያ ዓመት ዋናዋ ተዋናይት የእትዬ ሜትር የወንድሟ ልጅ ነበረች። እናትና አባቷን በስድስት ዓመቷ አጥታ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሳቂታ፣ ስትራመድ እንኳ የምትዘፍን የምትመስል ልጅ። በቲያትሩ የሙሽራዋን ቦታ ስታገኝ እትዬ ሜትር ለሰው ምንም አልተናገረችም፤ ግን ለቀሚሱ አረንጓዴውን ሐር፣ ለሰባት ዓመት ቆልፋ ያስቀመጠችውን አወጣች።

ትርኢቱ አራት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ልክ ተወሰደ። ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ ቆመች፤ ወገቡ ላይ አልገጥም ብሎ ነበር። እትዬ ሜትር ስፌቱን ፈትታ፣ ጎንና ጎኑን በስፒል ያዘችው። ስፒል እየቆጠረች ነው የምትሰካው፤ ሰው ላይ ረስታ እንዳትወጋው። ሃያ ሦስት ሆነ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ባትለኪኝስ?» አለቻት ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልኬን ታውቂው የለ?»

«ሁሉም ይለካል። አንቺ ከማን በልጠሽ ነው? የወንድሟን ልጅ ታደላለች እንዲሉኝ? ቀጥ በይ።»

መለኪያውን አዞረች። «ወገብ፣ ሰባ አራት!»

ደብተሬ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ጀርባ ወንበር ላይ ነበረች። ሰምታለች፤ ግን የሰማችውን አላመነችም። ደብተሩ ላይ ከሦስት ወር በፊት በገዛ እጇ የጻፈችው ስልሳ ስድስት ነው።

«ስንት አልሽ እትዬ? ድገሚው እስቲ!»

«ሰባ አራት! ጆሮሽን ጥረጊ!»

«ሰባ አራት!» አለ ክበቡ በአንድ ድምፅ።

«በካፌው ዳቦ ብቻማ እንዲህ አይኮንም!» አለ ሌባውን የሚጫወተው።

«ለሁለት እየበላች ነዋ!» አለች ሌላዋ፣ ለቀልድ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ሳቁም አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። የእትዬ ሜትር አውራ ጣት ቁጥሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ያኔ ነው የገባት።  ልጅቷ አክስቷን አንድ ጊዜ አየቻትና፣ በስፒል የተያያዘውን ቀሚስ እንደለበሰች፣ በኋላ በር ዝናቡ ውስጥ ገባች።

«ተዉአት፣ ተናዳ ነው» አለች እትዬ ሜትር። «ሲርባት ትመጣለች።» ያን ከሰዓት ተቀምጣ ዝምተኛዋን ሰባ አራት አደረገቻት፤ ልጅቷ ስትመለስ ቀሚሱን ለመጨረስ።

ልጅቷ አልተመለሰችም። መኝታ ክፍሏ ልብሷ እንዳለ ነው። ጓደኞቿ ተጠየቁ፣ ሆስፒታል ተጠየቀ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተጠየቀ። ወንዱ ማን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። የሙሽራዋን ቦታ ሌላ ልጅ በሰማያዊ ቀሚስ ተጫወተችው፤ ሰውም አጨበጨበ።

ከወር በኋላ እትዬ ሜትር ዝምተኛዋን ልትፈታት መቀስ አነሳች። እጇ እምቢ አላት። እንዲያው ለልማዱ ለካቻት።

«ደብተሬ፣ ነይ እስቲ። አንቺ ለኪ።»

ደብተሬ ለካች። ሰባ ዘጠኝ።

«ማነው የጠቀጠቃት? ቀልድ ከሆነ አያስቅም።»

«ቁልፉ ካንቺና ከኔ በቀር ማን ዘንድ አለ?» አለች ደብተሬ። 

አናጢው መጥቶ ጠቅ ጠቅ አደረጋት። «ጨርቅ እኮ እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ነው፣ ያብጣል። እኔም አብጫለሁ።»

ክረምቱ ወጣ። ቆርቆሮው በፀሐይ መንጫጫት ጀመረ፣ የመድረኩ ሳንቃ ደርቆ ተሰነጠቀ። ዝምተኛዋ ሰማንያ ስድስት ሆነች፤ ከዚያ ዘጠና ሦስት። ሌላው ቦታዋ እንዳለ ነው፤ ሆዷ ብቻ። ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው ያዩዋታል፣ ለማንም አይናገሩም። አንድ ማክሰኞ ሲከፍቱ ሆዷ ሸሽቷል፤ ሰማንያ አንድ። ደረቷ ላይ ደግሞ ሁለት እርጥብ ክብ ነገር ወጥቷል። እትዬ ሜትር በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው። ወተት፣ ወተት ይላል።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ወልዳለች» አለች። «በሰላም ወልዳለች።» አለቀሰች ወይም ሳቀች፤ ደብተሬ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ቁጥር ተጠርቶ አያውቅም። እትዬ ሜትር ለክታ በወረቀት ቁራጭ ትጽፋለች፣ አጣጥፋ ለደብተሬ ትሰጣለች። አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ፣ ይመረቃሉ፤ ያ ሳቅ የነበረበት ቀን መኖሩን የሚያውቅም አልቀረ። «እትዬ ሜትር ምነው ሲለኩ ሐኪም መሰሉ?» ይሏታል። ለዋናዋ ተዋናይት ሌላ አሻንጉሊት ተገዛ። ዝምተኛዋ ግን በነጭ አንሶላ ተሸፍና ጥግ ቆመች፤ በየሰኞው ትለካለች፤ ደብተሬም በሌላ ደብተር ትጽፋለች።

ዓመት ለዓመት የምትለወጠው በትንሽ በትንሹ ነው። ወገቧ ሰባ ሁለት ላይ ረጋ። በአራተኛው ዓመት ግራ ትከሻዋ ዝቅ አለ፤ በአንድ ጎኑ ሸክም እንደሚሸከም ሰው። በስድስተኛው ትከሻዋ ላይ ነጭ ብናኝ መውጣት ጀመረ። ደብተሬ ጠረገችው፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ምላሷ ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ ጨው ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ሜትር። ልብስ ከመስፋት ቀና አላለችም። «ጨው የሚወጣበት ከተማ አንድ ነው። አውቶቡስ ሐሙስ ሐሙስ አለው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺና ሂጂ እንጂ!»

«ምን ልሁን ብዬ? የሸሸችው ከማን ሆነና? ከኔ አፍ ነው የሸሸችው። ብትፈልገኝ መንገዱን ታውቀዋለች። ደህና እስከሆነች ድረስ እኔ ደጃፏ ላይ የመቆም መብት የለኝም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ደህና መሆኗን አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

ደብተሬ «እኔም እኮ ድገሚው ብያለሁ» ልትል ፈለገች። ለዓመታት ልትለው ፈልጋ ነበር። ያን ቀንም ዋጠችው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አዲሱ የኪነ ጥበብ ሕንፃ አለቀ። አምስት ፎቅ፣ ሁሉ ነገሩ መስታወት። አሮጌው አዳራሽ ሊፈርስ ነውና በሁለት ወር ውስጥ ዕቃ ይውጣ፣ አሮጌው ይጣል የሚል ደብዳቤ መጣ። በዚያው ሰሞን፣ ሰኞ ቀን፣ ዝምተኛዋ ስልሳ ስምንት ሆና ተገኘች። በሚቀጥለው ሰኞ ስልሳ አራት። ከዚያ ስልሳ። አንሶላው ሳይቀር ላይዋ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ።

«ብል ገብቷታል» አለ አናጢው፣ አሁን ሸብቷል። «ወይ አይጥ።»

እትዬ ሜትር ከጀርባዋ አንድ ስፌት ፈትታ እጇን ከተተች። ጨርቁ ደረቅ ነው፣ እሷ እንደጠቀጠቀችው ጥቅጥቅ ብሏል፤ ቀዳዳ የለም፣ ብል የለም። ግን እጇን ፈጥና አወጣችው።

«ምነው?» አለች ደብተሬ።

«ትኩስ ናት» አለች። «እንደ በሽተኛ ትኩስ ናት።»

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ከአረንጓዴው ሐር የተረፈውን አውጥታ በወገብ ሃምሳ ሰባት፣ የዚያን ጠዋት ልክ፣ ቀሚስ ቆረጠች። ሦስት ቀን ሰፋች። ደብተሬ አጠገቧ ተቀምጣ ክር ስታስገባላት ነበር፤ የእትዬ ሜትር ዓይን ደክሟል።

«ብታባርረኝስ?» አለች እትዬ ሜትር፣ ድንገት።

«ታባርርሽ። ቀሚሱን ደጃፉ ላይ ታስቀምጪዋለሽ።»

«ባልደርስስ?»

 ደብተሬ ለዓመታት ዋጥ አድርጋ የያዘችው ነገር ያኔ ወጣ። «እትዬ፣ ያኔ ሰባ አራት ስትዪ የሰማሁት በመጀመሪያው ነበር። ድገሚው ያልኩሽ ሰምቼ ነው።»

 «አውቃለሁ፤ ያንቺ ጆሮ መቼ ዘግቶ ያውቃል» አለች እትዬ ሜትር። መርፌውን መልሳ ዘረጋችላት። «ክሩን አስገቢ። ሐሙስ ሩቅ አይደለም።»

ሐሙስ ጠዋት በአንድ ትንሽ ሻንጣ ሄደች። የወሰደችው ቀሚሱን፣ መቀሷንና መለኪያዋን ነው። ለደብተሬ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ፤ «እንዳይጥሏት። ሰኞ ሰኞ ለኪያት።»

ደብተሬ ዝምተኛዋን አቅፋ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ተማሪዎች ደረጃው ላይ መንገድ ለቀቁላት፤ የታመመች ልጇን የያዘች እናት ነበር የምትመስለው። ክብደቷም ከጨርቅ አይጠበቅም ነበር። አዲሱ የልብስ ክፍል ብርሃን በብርሃን ነው፤ የሚደበቁበት ጥግ እንኳ የለውም። ደብተሬ በመስኮቱ አጠገብ አቆመቻትና ሰኞ ለካቻት። ሃምሳ ሰባት። በሳምንቱ ሃምሳ ሰባት። በሦስተኛው ሰኞም ሃምሳ ሰባት። በአራተኛው ስልሳ። በአምስተኛው ስልሳ ሦስት። በስድስተኛው ስልሳ አምስት።

ደብዳቤው የመጣው ከስድስተኛው ሰኞ በኋላ፣ ዓርብ ዕለት ነው። ፖስታው ውስጥ እትዬ ሜትር ልክ የምትጽፍበት ዓይነት የወረቀት ቁራጭ ነበር፣ በአራት የታጠፈ። ሰላምታ የለው፣ እንዴት ከረምሽ የለው። ቀኑ ከጎኑ ተጽፎ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር፦ ወገብ ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ሰባት። ስልሳ። ስልሳ ሦስት። ስልሳ አምስት። ደብተሬ የራሷን ደብተር አውጥታ አጠገቡ ዘረጋችው። ቀኑም ቁጥሩም አንድ ነው።

ከዚያ በታች ደብተሬ የማታውቀው ልክ ተጽፎ ነበር። ደረት ስልሳ አራት፣ ቁመት አንድ መቶ ሠላሳ አንድ። ትንሽ ቆይታ ገባት፤ የአሥር ዓመት ልጅ ልክ ነው።

ከሁሉ በታች አንድ መስመር ነበር። «ስፒሎቹን በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጣቸው ኖሯል፤ መለሰችልኝ። ሃያ ሦስት ናቸው።»

ክፍሉ ውስጥ ለልክ የተሰለፉ ተማሪዎች ነበሩ። «ደብተሬ፣ ምን ይላል? ድምፅ አውጥተው ያንብቡልን እንጂ!» አሏት። ደብተሬ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እትዬ ሜትር ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳለች የታወቀው ከፖስታው ጀርባ በተጻፈው አድራሻ ነው፤ በጨው ማውጫው ከተማ፣ ከጤና ጣቢያው በስተጀርባ ባለው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ከበሩ አራተኛው ክፍል ውስጥ።