አንድ ጥንድ ጓንት ለሁለት ሰው

የግራ እጄ ጥፍር መሰንጠቁን መጀመሪያ ያወቅሁት አጋሮ ነው፤ የገበሬዎቹ ማኅበር የቡና መጋዘን ውስጥ። ራጅ አንሺው አባ ነጋ ከሆስፒታላችን በመኪና ካመጣነው ማሽን ኋላ ቆመዋል፤ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው። አንዲት ሕፃን የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቆማ ደረቷን ፊልሙ ላይ አስጠግታለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ይዣለሁ። እናቷ የበሩ ደፍ ላይ ናት። ሾፌሩ ውጭ ጄኔሬተሩ አጠገብ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ሳል የጠናባቸው ቡና ለቃሚዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ማን የት እንደ ቆመ አስቀድሜ የጻፍሁት በራጅ ሥራ ዋናው ነገር እሱ ስለ ሆነ ነው።

ሕፃኗ አንገቷን አቅንታ እጄን አየች።

«እትዬ፣ ጥፍርሽ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«አትንቀሳቀሺ» አልኋት።

አባ ነጋ ፔዳሉን ረገጡ። ማሽኑ ጮኸ፤ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ያየሁት። የቀለበት ጣቴ ጥፍር ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል፤ መሐሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። የጣቶቼ ጀርባ ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል። አያምም። የፊልም ማጠቢያው ኬሚካል ነው ብዬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አደረግሁና የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

በደርግ ዘመን ጅማ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ክፍል ረዳት ነበርሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ ነው የተቀጠርሁት። ሥራውን ያስተማሩኝ አባ ነጋ ናቸው፤ የጅማው ሄርማታ ሰፈር ሰው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። እሳቸው ደግሞ ድሮ ከነበሩት የውጭ አገር ባለሙያዎች ተምረዋል። አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ ነበር። ሕመምተኛ ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ «ጃባዱ፣ በርታ፣ ፎቶግራፍ ነው እኮ፤ ብቻ ቆዳህ አይወጣም» ይሉታል። ሰውየው ይስቃል፤ ደረቱ ይላላል፤ ፊልሙም ጥሩ ይወጣል።

ክፍሉ ሁለት የእርሳስ ሽርጥ ነበረው። የእርሳስ ጓንት ግን አንድ ጥንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሌላው ጥንድ ጎማ ተሰነጣጥቆ ተጥሏል፤ ምትኩ ተጠይቋል፣ አልመጣም። መጀመሪያ እኔ «እርስዎ ያድርጉት» እላለሁ፤ እሳቸው «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ፣ አንቺ አድርጊው» ይላሉ። በር ላይ ቆመው ይቅደሙ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ እንደሚባባሉ ሰዎች ሆንን። ጓንቱም ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ስንሠራ ሰነበትን።

አንድ ጠዋት አባ ነጋ ጓንቱን ከሚስማሩ አወረዱት።

«ማሎ፣ እባክሽ ወርቄ! መሬቱን እንኳ አካፍለውታል፤ ጓንት መካፈል እንዴት አቃተን?»

ቀኙን ለእኔ ሰጡኝ፤ ግራውን እሳቸው አጠለቁ።

«በቀኝሽ አይደል የምትሠሪው? እንግዲህ ማንም ቀረብኝ አይበል። ጓድ አስተዳዳሪ ይህን ቢያይ ይሸልመን ነበር።»

ሳቅን። ፍትሐዊ መሰለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት እኔ በቀኝ፣ እሳቸው በግራ አንድ አንድ ጓንት አድርገን ሠራን። ልጆች የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጓንት የለበሰው እጄ በአንድ ወገን፣ ባዶው በሌላ ወገን ይሆናል። አባ ነጋ ደግሞ በየጠዋቱ ማሽኑ በደንብ መሥራቱን የሚፈትኑት፣ እንደ ተማሩት፣ ቀኝ እጃቸውን ስክሪኑ ፊት ዘርግተው የገዛ አጥንታቸውን በማየት ነበር። «አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉና እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ከአጋሮ ከተመለስን በኋላ የጣቴ ቆዳ ደርቆ ይሰነጠቅ ጀመር። ቅቤ ቀባሁት። ኋላ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር ወጣበት። ማር አደረግሁበት። ኪንታሮቱ ወድቆ በቦታው ቁስል ተተካ፤ ቁስሉ ሊድን ሲል ተመልሶ ይከፈታል። ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥለኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርሁም። በቤተ ሰቤ ሕመም መናገር ልማድ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አባ ነጋ ሰላም ሲሉኝ እጃቸውን መስጠት ትተው የእጃቸውን አንጓ ይሰጡኝ ነበር፤ ሰው እጁ ሲቆሽሽ ወይም ሲረጥብ እንደሚያደርገው። ከጨለማው ክፍል ፊልም ሲያጥቡ ቆይተው የመጡ እየመሰለኝ አንጓቸውን ጨብጬ አልፋለሁ።

በመጨረሻ ቁስሌን ያየው ዶክተር ሰሎሞን ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። እሱ ጋ የሄድሁት በቁስሌ አይደለም፤ የሕመምተኛ ፊልም ላደርስለት ነው። ፊልሙን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ሲያነሣው ዐይኑ ጣቴ ላይ አረፈ። ፊልሙን አስቀመጠው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። ኬሚካሉ ነው።»

«ኬሚካል አይደለም። ጨረር ነው። ራዲዮደርማታይቲስ ይባላል። የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ነው።» ቀኝ እጄን አገላብጦ አየ። ደኅና ነው። «ለምን ግራው ብቻ?»

የጓንቱን ነገር ነገርሁት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ሌላውን ጓንት የሚያደርገው ማን ነው?»

«አባ ነጋ።»

«በየትኛው እጃቸው?»

«በግራቸው።»

ከወንበሩ ተነሣ። አንጓቸው ትዝ አለኝ።

አብረን ወደ ራጅ ክፍል ሄድን። ዶክተር ሰሎሞን ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። አባ ነጋ አንጓቸውን ሰጡት።

«እጄ እርጥብ ነው፣ ዶክተር።»

«ግድ የለም፣ አባቴ። እጅዎን ይስጡኝ።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት ጣቶቻቸው ቆስለዋል። ጥፍራቸው ጠቁሯል። በዚያ እጅ ይበላሉ። በዚያ እጅ ሰው ይጨብጣሉ። ቀኙን ጓንት ግን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«አንቺስ?» አሉኝ።

ከሁለታችንም ቁስል ቁራጭ ተወሰደና ለባዮፕሲ ምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። ደማችንም ተመረመረ፤ ነጭ የደም ሕዋሳችን ደኅና ነበር። ራጅ ክፍሉን እንዳንረግጥ ተከለከልን። ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቁ ከሕመሙ ይከፋል። እናቴ አልሰማችም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ እጄን ከነጠላዬ አላወጣም።

ውጤቱ መጣ። የአባ ነጋ ቁስል ወደ ካንሰር አልተለወጠም። የእኔ ተለውጧል። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፣ የቆዳ ካንሰር። ዶክተሩ ቃሉን ሁለት ጊዜ ተናገረው፤ በሁለተኛው ሰማሁት።

«ከጣቱ ያለፈ አይመስለኝም» አለ። «ጣቱን አሁን ካወጣነው እጁ ይተርፋል። ከዘገየን ስለ እጁ ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

«ያውጡት» አልሁት።

አባ ነጋ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ዶክተር» አሉ፣ «እኛ እኩል መካፈል ለምዶብናል። ከእኔም ግማሽ ጣት ይቁረጡና ለእሷ ግማሹን ይተዉላት።» ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ሳቅሁ። በዚያ ወር የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጣቴ ተቆረጠ። ስነቃ እጄ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቆጠርሁ። አራት። የሌለው ጣት አመመኝ። ዶክተሩ ይህ የተለመደ ነው፣ ነርቩ ገና አልሰማም አለኝ።

የአባ ነጋም ቁስል ተቆርጦ ወጣ፤ ከጭናቸው ቆዳ ተወስዶ ጣቶቻቸው ላይ ተለጠፈ፤ ስኪን ግራፍት ይሉታል። ከዚያ በኋላ ማገገም የጀመርንበት ጊዜ፣ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ከሕይወቴ ደግ ዘመናት እንደ አንዱ ሆኖ ነው የሚታወሰኝ። ዶክተር ሰሎሞን ጣቶቻችን እንዳይደርቁ ደቃቅ ነገር እየለቀምን እንድንለማመድ ስላዘዘን፣ የአባ ነጋ ባለቤት ከጓሯቸው ገና ያልተለየ ቡና በሰፌድ ታመጣልን ነበር፤ እኛም የዋርዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ በታመመው ግራዬ፣ እሳቸው በታመመው ቀኛቸው፣ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከደኅናው እየለየን ጠዋቱን እናሳልፍ ነበር። መጀመሪያ ፍሬው ከጣቶቼ መሐል እየሾለከ ይወድቃል፤ እሳቸው «እቴ፣ አንቺን ቡና ለቀማ ማን ይቀጥርሽ ነበር!» እያሉ ያናድዱኛል፤ የእሳቸው ሲወድቅ ግን ነፋስ ነው ይላሉ። ቁልፍ መቆለፍ ወይም ጫማ ማሰር ሲያስፈልገን እሳቸው ግራቸውን፣ እኔ ቀኜን አዋጥተን እንሠራለን፤ ለሁለታችን አንድ ጥንድ ጤነኛ እጅ ነበረንና። ባለቤታቸው ይህን አይታ «አሁን ገና መካፈል ዐወቃችሁ» አለችን።

ዶክተር ሰሎሞን በዚያው ጊዜ የራጅ ሠራተኞችን ሁሉ፣ ሾፌሩንም ጭምር፣ ሰበሰበ። ጓድ አስተዳዳሪው ሕዝብ እየጠበቀ ሥራ አይቆምም ብለው ነበር፤ ዶክተሩ እጄን እንድዘረጋ ጠየቀኝ፣ ዘረጋሁት፤ አስተዳዳሪው ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ያን ቀን የተወሰነው ቀላል ነገር ነው። ማሽኑ ከመሥራቱ በፊት እያንዳንዱ የሚቆምበት ቦታ በጠመኔ ይሠመራል፤ አንሺው ጮክ ብሎ ይጠራል፣ እያንዳንዱም «ቦታዬ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ሠራተኛ ሕመምተኛ አይይዝም። ለልጆች ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለ አናጢ መደገፊያና ማሰሪያ ያለው ወንበር ሠራልን፤ ልጁ እንቢ ካለ እናት ወይም አባት ሽርጥ ለብሰው፣ ሁለቱንም ጓንት አጥልቀው ይይዛሉ። ገጠር ስንወጣ ፔዳሉ ተጣብቆ ማሽኑ አልጠፋ ካለ ማንም ወደ ማሽኑ አይሮጥም፤ አንሺው «አጥፋ!» ይላል፣ ሾፌሩ ጄኔሬተሩን ይዘጋል፣ የቀሩት በተሠመረው በኩል በበሩ ይወጣሉ። ይህን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ግቢው ውስጥ ይለማመዱታል። ሾፌሩ መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ በኋላ ዋናው አለማማጅ እሱ ሆነ። ጨረር የሚለካ ፊልም ባጅም ደረት ላይ መደረግ ተጀመረ።

ይህን የምጽፈው በጨረር፣ በመድኃኒት ርጭት ወይም በሌላ በማይታይ ነገር አጠገብ ለምትሠሩ፣ ወይም እንደ እኔ ታማችሁ ለምትጠባበቁ ነው። የማያም ነገር አይጎዳም አትበሉ። የማይድን ቁስል፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፣ የጠፋ የእጅ ጠጉር ካያችሁ በዚያው ሳምንት አሳዩ። መከላከያ እንደ እንጀራ አይካፈልም፤ አንድ ከሆነ አንድ ሰው ይሥራ፣ ሌላው ይውጣ። ይሉኝታ ለማዕድ ነው፣ ለማሽን አይሆንም። ባልደረባችሁ ሰላምታው ከተለወጠ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጣት ይቆረጥ ከተባላችሁም አትዘግዩ፤ እኔ በአራት ጣት ሦስት ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ሹራብም እሠራለሁ።

ዶክተር ሰሎሞንን፣ ፋሻዬን በትዕግሥት የቀየሩልኝን ነርሶች፣ ቡናውን ሳትሰለች ያመላለሰችውን የአባ ነጋን ባለቤት አመሰግናለሁ። ያቺን የአጋሮ ሕፃንም እንዲሁ። ሳንባዋ ታሞ ነበር፤ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች። ጥፍሬን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት።

እኔ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርሁ። አባ ነጋ ጡረታ ወጡ። በእሳቸው የመጨረሻ የሥራ ቀን ዕቃዬን ልወስድ ራጅ ክፍል ገባሁ። አዲሷ ረዳት የጠመኔው መስመር ላይ ቆማ ነበር። አባ ነጋ ከጠፋው ማሽን አጠገብ ቆመው ያሳዩአታል። ቀኙን ጓንት ከጠረጴዛው አንሥቼ ሚስማሩ ላይ፣ ከግራው ጋር ሰቀልሁት።

«ሁለቱንም» አልኋት።

«ሁለቱንም» አለች።

አባ ነጋ ወደ እኔ መጡ። አንጓቸውን አልሰጡኝም፤ እጃቸውን ሰጡኝ። ጣቶቻቸው ደረቅ ብለዋል፣ ግን ይሞቃሉ። በሁለት እጄ ጨበጥኋቸው።

ከዚያ ወጣሁ።