ባዶዋ ጎጆ ስትጤስ

የእህቴ ልጅ ማታ ማታ በስልኳ የምትከፍተው ትረካ አለ። ትንሽ መንደር፣ የሙት መንፈስ፣ ነገሩን ካልደረስንበት የሚሉ ጎረቤቶች። ትናንት "አክስቴ፣ እንዲህ እየፈራሽ ለምን ትሰሚያለሽ?" አለችኝ። ሳቅሁ። መልሱ ያለው ወጣት ሳለሁ፣ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ላበስል በወረድኩባት፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍና ገላባት መሀል ባለች መንደር ነው።

ጥቂት የሣር ጎጆዎችና አንዲት የሻይ ዳስ ናት፣ ሌላ የላትም። ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር እዚያ አልደረሰም። ክረምቱ አልፎ ጥቁሩ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ሎሪ ባለፈ ቁጥር አቧራው የማሽላ ቂጣችን ላይ ይሰፍራል። ከመንደሯ ዳር ባለችው ጎጆ አንዲት ሴት አምና በምጥ ከነልጇ ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አይገባባትም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከዚያች ጎጆ ጢስ ወጣ። ሌላ ቀን ሲቃ ተሰማ። ውሃ ቀጂዎቹ መንገድ ቀየሩ። እንደኔው ከመተማ በኩል የመጡት አጫጆች ማተባቸውን እየጨበጡ "ከነልጇ ተነሥታለች" ይሉ ጀመር። እኔማ ጭልፋ ሲወድቅ እንኳ እዘል ነበር።

ሻይ የምታፈላዋ እትዬ ዘሃራ ግን ነገሩ ከነከናት። ነጋዴ ባሏን ተከትላ ሱዳን የቀረች የጎንደር ሴት ናት። በሳህን ፉል አድርጋ ያቺ ጎጆ ደጃፍ አስቀመጠች። በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘነው።

"እታለም፣ ጅኒ ሳህን ሲያጥብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"እኔ አልገባም፣ እትዬ!"

"ከኋላዬ ሁኚ።"

ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ አመድ አመድ ይሸታል። ጥጉ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት አዲስ የተወለደ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"ስለ ፈጠራችሁ፣ ለሰው አታውጡብኝ" አለች።

ስሟ የሺ ነበር። ልትፈታው ብትል ባሏ ሊገድላት ዝቶባት፣ እርጉዝ ሆና ድንበር ተሻግራ ነው የመጣችው። የጎጆዋን ወሬ መንገድ ላይ ሰምታ፣ ሰው የማይደፍረው ቤት ይሻለኛል ብላ ገባች። ብቻዋን ወለደች።

"ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ ዘሃራ ስንወጣ። "ሎሪ እስክናገኝላት መንደሩ ይፍራ።"

ከሎሪው በፊት የየሺ ባል ወንድሞች ደረሱ። ሁለት ናቸው፤ ጩቤ ታጥቀዋል። ከአጫጆቹ ጋር ዳሱ ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀመጡ።

"ያቺ ጎጆ የማን ናት?" አለ ታላቅየው።

"የሞተች ሴት ናት" አለች ዘሃራ ስኳሩን እያማሰለች። "ወላሂ፣ እኔ ብሆን አልጠጋትም።"

ያን ጊዜ ሕፃኑ አለቀሰ።

በቃ፣ አለቀላት አልኩ። ወዲያው ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። አጫጆቹ ናቸው፤ እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም። አንዱ "በስመ አብ! ልጇ ነው!" ብሎ ዘሎ ወጣ፤ ሌሎቹ ጫማቸውን ጥለው ተከተሉት። ታላቅየው ተነሥቶ ወደ ጎጆዋ ራመድ ራመድ አለ። ሕፃኑ ደገመው። ሰውዬው የሚሮጡትን ዞሮ አየ፣ ጎጆዋን አየ፤ እጁ ጩቤው ላይ እንዳለ ደርቆ ቆመ።

"ወንድምዬ፣ በማርያም፣ እንሂድ" አለው ታናሽየው። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር።

ሄዱ። እኔ አጫጆቹ የጣሉትን ጫማ እየለቀምኩ ዳሱ ጥግ ደረደርኩ።

በዚያው ሰሞን የሺ እንደ ሱዳን ሴቶች የዘሃራን ቶብ ተከናንባ፣ ሕፃኑን አቅፋ፣ በሰሊጥ ጆንያ መሀል ወደ ከሰላ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን አልሰማሁም። ለአጫጆቹም እውነቱን አልነገርናቸውም፤ ምናልባት ጎጆዋ ለሌላም ታስፈልግ ይሆናል ብላ ዘሃራ ከለከለችኝ።

ትናንት ትረካው ላይ የተዘጋው በር ሊከፈት ሲል የእህቴ ልጅ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እሷ የምትፈራው በሩ ውስጥ ያለውን ነው። እኔ ግን ምስኪኑ መንፈስ ሳይታወቅበት እዚያው ይቆይ እያልኩ፣ ከውጭ የሚመጣ የአሳዳጅ ኮቴ አዳምጥ ነበር።