ሁለት ዓይን ያለው ዒላማ

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ሚስቴ ሻይ ስታቀርብልኝ እንኳ ከየትኛው ማንቆርቆሪያ እንደቀዳችው ሳላይ አልጠጣም። ይህ ጠባይ አብሮኝ የተወለደ ይሁን ኋላ የያዘኝ በእርግጥ አላውቅም፤ እኔ ግን ደርግ ላይ ማላከክ ይቀናኛል።

በዚያን ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ የማሠራው እኔ ነበርኩ። ሞተሩ ሲበላሽ እፈታለሁ፣ ቺንጋው ሲበጠስ እቀጥላለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬም የሰው ሬዲዮ እጠግናለሁ። አንድ ቀን ካድሬው ወፍጮ ቤት መጣ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። ሲናገር ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ሁለት ሰው ፊት ቆሞም ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። እኔም በሬዲዮዎቹ የመጣብኝ መሰለኝ፤ የተከለከለ ጣቢያ ሰማህ ተብሎ የተወሰደ ሰው አውቃለሁ።

«ጓድ፣ የሚዞር ዒላማ ትሠራልናለህ» አለኝ።

ሠልጥኖ በመጣበት ቦታ ያየው ነገር ነው። ሰሌዳው በጎኑ ይቆማል፤ በጎኑ ሲቆም ከሩቅ ቀጭን እንጨት እንጂ ሌላ አይታይም። ድንገት ዞሮ የሰው ምስል ያሳያል፣ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይዞራል። ተኳሹ መምታት ያለበት በዚያች መሀል ነው። የማኅበሩ ታጣቂ ገበሬዎች በዚህ እንዲለማመዱ ፈልጓል። በጀት የለም። «በአካባቢው ከሚገኝ ዕቃ» ብሎኝ ሄደ። ለምን እኔን እንደመረጠ ሳስብ ሰነበትኩ፤ ሥራውን እምቢ ማለት ግን የሚታሰብ አልነበረም።

ከካድሬው መሥሪያ ቤት ጓሮ ዶሮ የሚያድርበት የተጣለ መኪና ነበር። የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ከነክንዱ ፈታሁት። የመጥረጊያ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ዙሪያውን አይሽከረከርም፤ ለእኔም የሚያስፈልገኝ ይኸው ነበር። የጣውላውን ሰሌዳ በውኃ ቱቦ ላይ አሰርኩ፣ ቱቦውን እንደልቡ እንዲዞር ከወፍጮ የወለቀ አሮጌ ኩሽኔታ ላይ አቆምኩ፣ የሞተሩን ክንድ ከቱቦው ጋር በብረት ዘንግ አገናኘሁ። ኃይሉ ከመኪና ባትሪ ይመጣል። ሽቦውን መሬት ውስጥ ቀብሬ ከዒላማው ፊት ወዳለ ጥልቅ ጉድጓድ አስገባሁ፤ እዚያ ያደፈጠ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ሰሌዳው ይዞራል፣ ሲለቅ ይቆማል። በመጀመሪያው ሙከራ መቆም አቅቶት ንፋስ እንዳገኘው በር ይንገጫገጭ ነበር፤ ከጎማ ቆርጬ ማቆሚያ ሳበጅለት ሰከነ። ደስ አለኝ፤ መደሰቴ ደግሞ መልሶ አሳሰበኝ። ሽቦ ስቀብር ያየ ሰው «ፈንጂ ይቀብራል» ብሎ ነገረብኝ። ካድሬው መጥቶ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር አስቆፈረኝ፣ አየው፣ መልሰህ ቅበር አለኝ።

ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ሰው መሣል ነበረበት። በከተማው ቀለም ያላቸው አባቴ ብቻ ነበሩ። ቄስ ናቸው፤ በአካባቢው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የሚሥሉትም እሳቸው ነበሩ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሣሉ፤ ፊቱ በጎኑ፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ እንዲህ ነው፦ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ በጎኑ፣ ባንድ ዓይን። አባቴ ጠላት ሣል ተባሉ፣ ጠላት ሣሉ።

ካድሬው ገና ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው» አለ። «ጠላት ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ሁለት ዓይን አድርግለት!» አባቴ እንደገና ሣሉት። እኔን ግን ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ይህን ደንብ ማን ነገረው? ቤታችን የሚገባ ወሬ አቀባይ እንዳለ እርግጠኛ ሆንኩ። መጀመሪያ አባቴ ዘንድ የሚመላለሰውን ዲያቆን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ጎረቤታችንን፤ በመጨረሻ ከሁለቱም ጋር ሰላምታዬ ቀነሰ።

የተኩሱ ቀን እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ማብሪያውን ያዝኩ። ሰሌዳው ሲዞር ጥይቱ በላዬ ያፏጫል፤ ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ገደል ላይ፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ አቧራ ይነሣል። ሁሉም ሳቱት። እነዚህ ሚዳቋ እየሮጠች የሚጥሉ ሰዎች ናቸው። ሰሌዳው እንደ አዲስ ንጹሕ ሆኖ ዋለ።

«አሻጥር ነው» አለ ካድሬው። ሞተሩን ዓይኑ ሥር አስፈታኝ። እንከን ሲያጣ ሰሌዳውን አስወርዶ ገለበጠው፣ የጠርዙን ቀለም በካራ እየፋቀ ሥሩ ጽሑፍ ይፈልግ ጀመር። ቄሱ ድግምት ጽፎበታል ማለቱ ነው። እግዜርም ሰይጣንም የለም እያለ በየሳምንቱ የሚሰብከን ሰው! በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ምንም ሲያጣ እንዲህ አለን፦ «ነገ እኔ ራሴ እተኩሳለሁ። ካልመታሁት ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ አንተ ደሴ ትሄዳለህ። ከመታሁት ማሽኑ ደህና ነው፤ ገበሬውን ያፈዘዘው አባትህ ነው፣ እሱ ይሄዳል።» በዚያን ጊዜ ደሴ እስር ቤት ተልኮ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው።

እውነቱን ልናገርና አባቴን እኔም ጠርጥሬያቸዋለሁ። ምን እንደቀቡበት ስጠይቃቸው «ቀለምና ሙጫ ብቻ ነው» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ በዚያው ቀን ከተኳሾቹ አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ጤፍ ሊያስፈጩ ሲመጡ ነው።

«አብሽር ልጄ፣ ማሽንህ ደህና ነው» አሉኝ።

«ታዲያ አንቱ ለምን ሳቱ?»

«ሰውየው'ኮ ዓይን ለዓይን ያየኛል። በሁለት ዓይኑ እንዲህ የሚያየኝ ማነው? ቅዱስ ነው። እሱን ተኩሼ እሑድ በየትኛው ፊቴ ልሳለም?» ሌሎቹም እንዲሁ እንደሆኑ ነገሩኝ። ሳይመካከሩ ነው ሁሉም አፈሙዛቸውን ከፍ ያደረጉት። ይህን ለካድሬው ብናገር እኔና አባቴ እንተርፋለን፣ አገሩ ሙሉ ይታሰራል። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ካድሬው አባቴን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ማብሪያውን አስያዛቸው። እኔን ከጎኑ አቆመኝ። ገበሬዎቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ሰሌዳው ዞረ፤ ሁለቱ ዓይኖች እኛን ያያሉ። ካድሬው አነጣጠረ። ላብ ከጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁ። ሊተኩስ ሲል አፈሙዙ ትንሽ ከፍ አለ፤ እኔ አይቻለሁ፣ እሱም አውቆ ነው ያነሣው። ገደሉ ላይ አቧራ ጨሰ። ገበሬዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። በራሱ ቃል እንግዲህ ደሴ የምሄደው እኔ ነበርኩ።

እሱ ግን አላየኝም። ጠመንጃውን አስቀምጦ ለብቻው ሽቦው ያለፈበትን ተከትሎ ወደ ጉድጓዱ አዘገመ፤ እኔም ዕቃዬን ልሰበስብ ወደ ሰሌዳው ጀርባ ሄጄ ተንበረከክሁ። አባቴ ከጉድጓዱ ወጥተው አቧራቸውን ያራግፋሉ። ካድሬው ተጠጋቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ፣ አንዱን ዓይን ያጥፉልኝ» አለ።

የኔታ! ተማሪ መምህሩን የሚጠራበት ቃል ነው፤ ከመምህር እግር ሥር ያልተቀመጠ ካድሬ አፉ ላይ አይመጣም። ወሬ ያቀበለው ሰው እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። እሱም እንደኛ እንዲህ ያሉ ግድግዳዎችን እያየ ያደገ ነው።

«እሺ ልጄ» አሉ አባቴ። በዚህ መሀል ካድሬው እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰምቷል?» አላቸው።

«እሱ? ካልጮኹበት አይሰማም። ወፍጮው አደንቁሮታል» አሉ አባቴ። ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ራሴን ቀና ሳላደርግ ብሎኑን መፍታቴን ቀጠልኩ። ካድሬው ወደ ገበሬዎቹ ዞሮ፣ የዓይኑ ነጭ በፀሐይ እያንጸባረቀ ስላስቸገረ ሥዕሉ ይታረማል ብሎ ጮኸ። ጠላት ባንድ ዓይን ተሥሎ ሲመለስ ሰሌዳው ወንፊት ሆነ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቆሮ ሆንኩ። መንገድ ላይ በቀስታ ሲጠሩኝ አልሰማም፤ ደንበኞቼ መጮህ ለመዱ። ካድሬው አላመነም። አንድ ቀን ለምሳ ወፍጮውን አጥፍቼ ኩሽኔታ ግራሶ ስቀባ፣ ከኋላዬ ጫማው ሲመጣና ሲቆም ሰማሁ። በለሆሳስ፣ «አባትህን ዛሬ ጠዋት ደሴ ወስደውታል» አለ።

ጣቴ ግራሶው ውስጥ እንዳለ ቀረ። እውነት ከሆነ ብዞርም አላስጥላቸውም። ውሸት ከሆነ በመዞሬ የማስወስዳቸው እኔ ነኝ። አልዞርኩም። ኩሽኔታውን ቀባሁ፣ የቀባሁትን ጠርጌ እንደገና ቀባሁ። ቆይቶ ሄደ። ልሮጥ አሰብኩ፣ ነገር ግን ውጭ ቆሞ ይሆናል ብዬ ሞተሩን አስነሥቼ፣ እህል ያመጡት ሴቶች ዕንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን በዱቄት እያበስኩ፣ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ፈጨሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ብሩሻቸውን ያጥባሉ። «ዛሬ ቆየህ» አሉኝ። ብሩሹን ከእጃቸው ተቀብዬ ማጠብ ጀመርኩ። አባቴ መንገዱን ግራና ቀኝ አዩና፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ደገሙልኝ።