ምግብ ያልተባለው ቆሎ

አቶ ኑርዬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት በርና መስኮት ሠርተዋል። በር ሲንኳኳ ከድምፁ ብቻ ጣውላው ዋንዛ ይሁን ባሕር ዛፍ ይለያሉ። የራሳቸው በር ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚንኳኳው፤ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ በጣት አንጓ፣ ሦስቴ። ጎረቤታቸው ፈዲላ ናት። በእጇ ሁልጊዜ አንድ ሳህን የገብስ ቆሎ አለ።

የኑርዬ ሚስት ኡሙሀኒ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጃቸው ዑበይዱላህ ጅዳ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ይደውላል። ፈዲላም ባሏ ሞቶባታል። ሳህኗን አቀብላ ደጁ ላይ ካለችው ዱካ፣ ከትንሿ በርጩማ ላይ፣ ትቀመጣለች፤ እሳቸው እየቆረጠሙ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሰፈሩ ያወራሉ። ሳህኑ ሲያልቅ ትሄዳለች። የቀኑ ወሬ ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ነርሷ ሀውራ ነገሩን ስታስረዳቸው ኑርዬ አዲስ የቁልፍ አሠራር እንደሚያይ ሰው በጉጉት ሰሙ። በእርግጥም ሲያዩት ደስ የሚል ሒሳብ ነው። እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ሆድ ሲገቡ ወደ ስኳር ይለወጣሉ፤ ካርቦሃይድሬት የሚባለው ይህ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ጡንቻን ይጠግናል፣ ቶሎ አያስርብም፣ ስኳርንም ብዙ ከፍ አያደርግም። እንጀራ የቀነሰ ሰው በቦታው ፕሮቲን ካልተካ ይከሳል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። ስልሳ ኪሎ ለሚመዝኑት ኑርዬ፣ ሀውራ በቀን ስልሳ ግራም ያህል ፕሮቲን አሰበችላቸው።

ኑርዬ ሱቃቸው ገብተው በአናጢ እርሳስ ጣውላ ላይ ጻፉት። ሁለት እንቁላል፣ ዐሥራ ሁለት። መዳፍ የሚያክል የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ፣ ሃያ አምስት። ግማሽ ብርጭቆ አይብ፣ ዐሥራ አራት። ግማሽ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር፣ ዘጠኝ። ደመሩት፤ ልክ ስልሳ! ምስሩ ላይ ግን ምልክት አደረጉበት። ምስር ፕሮቲን ቢኖረውም ካርቦሃይድሬቱ የዚያ እጥፍ ነውና ጨለፍ ብሎ ነው የሚበላው። ከታች "እንጀራ፣ በቀን ግማሽ" ብለው አሰመሩበት።

እንቁላሉን ከአራት ዶሮዎቻቸው ያገኛሉ፤ ዓሣውን ከሐይቁ ዳር። የከበዳቸው ምግቡ ሳይሆን አበላሉ ነው። እንጀራ ለሁለት የሚቆረስ ነገር ነበር። ቆሮሶው ግን ለአንድ ሰው በአንድ ሳህን ይገባል፤ ኑርዬም አጥንቱን እየለቀሙ ግድግዳውን ያያሉ።

ከሁለት ወር በኋላ ስኳራቸው አልወረደም። የእግራቸው ጣቶችም መደንዘዝ ጀምረዋል።

"ቁርስ ምን በሉ?" አለች ሀውራ።

"ሁለት እንቁላል።"

"ምሳስ?"

"ዓሣ በጎመን፣ ሩብ እንጀራ። እራት አይብና ምስር፣ ሩብ እንጀራ።"

"በመሃልስ?"

"ወላሂ እህል ባፌ አልዞረም!" ይህን እያሉ እጃቸው ኪስ ገብቶ ከፈዲላ ሳህን ለመንገድ የያዙትን ቆሎ አወጣ።

"አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ይሄማ ቆሎ ነው።"

"ቆሎ እህል አይደለም?"

"አንቺ ልጅ! ቆሎ ቆርጥሞ ምሳ በላሁ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሀውራ ሳቀች፤ ከዚያ አብረዋት እንዲያሰሉ አደረገች። አንድ እፍኝ ቆሎ ሠላሳ ግራም ቢሆን፣ ሃያው ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። የፈዲላ ሳህን በቀን አምስት እፍኝ፣ መቶ። ኑርዬ አፋቸውን ያዙ። የተዉት እንጀራ በኪሳቸው ተመልሶ ሲገባ ነበር።

ቆሎውን መተው አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ለፈዲላ መንገር ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ደጅ ባዶ እጇን ብትቀመጥ ሰፈሩ ያወራል። ሳህን ከያዘች ግን ጎረቤት ናት። ሳህኑ ከቀረ፣ የምትመጣበት ምክንያት አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ዝም አሉ። ቆሎውን እየተቀበሉ እፍኙን ወደ እጅጌያቸው ያንሸራትታሉ፤ ባዶ አፋቸውን ያላምጣሉ። ስትሄድ ለዶሮዎቹ ይበትኑላቸዋል። ስኳሩ መውረድ ጀመረ።

አንድ ቀን ፈዲላ የረሳችውን ሳህን ልትወስድ ተመለሰች። ዶሮዎቹ ቆሎው ላይ ተረባርበዋል።

"ጋሽ ኑርዬ! እሳት ፊት የምለበለበው ለዶሮ ነው?"

"ስኳሬ ነው፣ ፈዲላ። ሀውራ ናት ያለችኝ።"

"ስኳር ያለበት ሰው የሚተወው ሻይ ነው፤ ገብስን ምን አገባው?"

"ገብሱም ሆድ ሲገባ ያው ስኳር ነው።"

"ታዲያ አፍ የለዎትም? የዶሮ ገረድ አደረጉኝ እኮ! በሉ፣ ለዶሮዎቹ አፊያና ጤና ይስጥልዎ።" ሳህኗን ነጥቃ ሄደች።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ ኑርዬ ዱካዋን አውጥተው ጠበቁ። የደሴ ሚኒባሶች ጥሩምባ ተሰማ፤ ባጃጅ አለፈ። በሩ አልተንኳኳም። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። ጣውላው ላይ ያለው ሒሳብ በየቀኑ ስልሳ ይሞላል። ጁምዓ ዑበይዱላህ ደውሎ "አባዬ፣ በደንብ ትበላለህ?" አላቸው። "ልክ ስልሳ" አሉት፤ ልጁ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም።

በአራተኛው ቀን ስድስት እንቁላል በጣሳ ይዘው የፈዲላን በር አንኳኩ።

"ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ?"

"ለምን?"

"ሳህኑ ከቀረ በሩም ይቀራል ብዬ ነው።"

ፈዲላ ጣሳውን ተቀበለች። ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ሦስቴ ተንኳኳ። በእጇ አንድ ሳህን ገብስ ይዛለች፤ አልተቆላም፣ ጥሬ ነው።

"ለእርስዎ አይደለም" አለች። "ለዶሮዎቹ ነው።" ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

ኑርዬ በደስታ ሁሉንም በአንዴ በተኑት። ግን ሰው ግማሽ ሰዓት የሚቆረጥመውን አራት ዶሮ በአፍታ ይጨርሰዋል። ገና የዝናቡ ወሬ ሳይያዝ መሬቱ ባዶ ሆነ፤ ፈዲላም ሳህኗን አራግፋ ተነሳች። ኑርዬ ያን ማታ አይብና ምስራቸውን ብቻቸውን በሉ።

በሚቀጥለው ቀን ሳህኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ገብሱን በሁለት ጣት ቆንጠር እያደረጉ፣ ፍሬ በፍሬ ይወረውሩ ጀመር።